ዝም ያለችው ሴት

ሰው በሸመገለ ጊዜ የሚያስፈራ ተረት አይሻም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያከማቸው ፍርሃት ይበቃዋልና። እኔም በዚህ ምክንያት የማስፈራሪያ ፊልም ከሚወዱት ወገን ሆኜ አላውቅም። ሙታን ከመቃብር ሲወጡ፥ ሴቶች በጨለማ ሲጮኹ ለማየት ጊዜ ማጥፋት ለአንድ መምህር የሚገባ ነገር መስሎ አይታየኝም ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ አንድ አሮጌ ፊልም በኮምፒዩተሯ ይዛልኝ መጣችና፥ እንቢ ለማለት አፍሬ ከእርሷ ጋር ተቀምጬ አየሁት። ከዚያች ሌሊት ወዲህ አእምሮዬ ዕረፍት ስላጣ፥ የተሰማኝን ለአንባቢዎች ለመግለጽ ብዕሬን አነሣሁ።

የፊልሙ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከዞምቢ ጋር ተራመድሁ» ማለት ነው። የተሠራው በሆሊዉድ በ1943 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው የውጭ አገር ታሪክ ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። ስሙን ስሰማ ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ስም የተሰጠው ፊልም ምን ቁም ነገር ሊኖረው ይችላል ብዬ ነበር። በኋላ እንደ ተረዳሁት ግን፥ ስሙን የመረጠው ፊልሙን ያሠራው ሰው አልነበረም።

ይህ ሰው ቫል ሉተን ይባላል። በ1904 ዓ.ም. በያልታ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ደራሲ ነበር። በ1942 ዓ.ም. አር ኬ ኦ የተባለው የፊልም ኩባንያ ርካሽ የማስፈራሪያ ፊልሞች እንዲያሠራ በሾመው ጊዜ፥ ሦስት ነገሮች ወሰነበት። አንደኛ፥ የአንዱ ፊልም ወጪ ከ150,000 ዶላር እንዳይበልጥ፤ ሁለተኛ፥ ርዝመቱ ከ75 ደቂቃ እንዳያልፍ፤ ሦስተኛ፥ ስሙን ኩባንያው እንጂ እርሱ እንዳያወጣ። ሉተንም ስሙን እንደ ተሰጠው ተቀበለ፤ በስሙ ውስጥ የሚገባውን ታሪክ ግን እንደ ልቡ አሠራው። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ዓ.ም. ካሳተመችው «ጄን ኤር» ከተባለው ልብ ወለድ መሠረቱን ወሰደ፤ ፓሪስ የተወለደውን ዣክ ቱርነርን አዘጋጅ አደረገና 69 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ፊልም ሠሩ። የሸንኮራው ማሳ፥ የጨረቃው ብርሃን፥ የደሴቲቱ ሌሊት አብዛኛው በስቱዲዮ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። ገንዘቡ ያልደረሰበትን ቦታ በጥላ ሸፈኑት፤ ጥላ ዋጋ አይጠየቅበትምና። እኛ በመንግሥት ሥራ ላይ የኖርን ሰዎች በጀት አነሰ እያልን ስንት ጊዜ እጃችንን አጣጥፈን እንደ ተቀመጥን ሳስበው፥ በእነዚህ ሰዎች ትጋት ትንሽ አፈርሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቤትሲ የምትባል ካናዳዊት ነርስ በካሪብ ባሕር ውስጥ ወደምትገኝ ቅዱስ ሴባስቲያን ወደ ተባለች ደሴት ትቀጠራለች፤ ይህች ደሴት በደራሲዎች ልብ የተፈጠረች እንጂ በካርታ ላይ የምትታይ አይደለችም። ሥራዋም ፖል ሆላንድ የተባለውን የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤት ሚስት ማስታመም ነው። በመርከብ ስትጓዝ፥ ሌሊት የባሕሩን ብልጭታና ከውኃው የሚዘሉትን ዓሦች እያየች ልቧ ይደሰታል። ሆላንድ ግን ደስታዋን ያፈርስባታል። ዓሦቹ የሚዘሉት በደስታ ሳይሆን ትልቁ ዓሣ እንዳይውጣቸው ፈርተው እንደ ሆነ፥ የውኃውም ብልጭታ ከማይቈጠሩ ጥቃቅን ፍጥረቶች ሬሳ የሚወጣ እንደ ሆነ ይነግራታል።

በደሴቲቱም ላይ የምታየው ውበት ሁሉ ከበስተኋላው ሌላ ነገር አለው። በሆላንድ ቤት ግቢ ውስጥ ከምንጭ አጠገብ፥ ቀድሞ በመርከብ አፍንጫ ላይ ተተክሎ የነበረ ምስል ቆሟል። በፍላጻ የተወጋ የቅዱስ ሴባስቲያን ምስል ነው፤ የአገሩ ሰዎች ግን «ቲ ሚዘሪ» ይሉታል፤ «ትንሹ መከራ» እንደ ማለት ነው። ያች መርከብ የጥቁሮቹን አያቶች በሰንሰለት አስራ ያመጣች መርከብ ናት። ጋሪ ነጂው ይህን ለቤትሲ ሲተርክላት፥ እርሷ በየዋህነት፥ ያመጧችሁ ወደ ውብ አገር ነው ትለዋለች። ሽማግሌውም እርስዎ ካሉ ይሁን በሚል መንፈስ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልስላታል። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ይህ መልስ ግልጥ ነው፤ ሰሙ ትሕትና፥ ወርቁ ተግሣጽ ነው። በዚያች ደሴት ሕፃን ሲወለድ ይለቀሳል፤ ሰው ሲቀበር ይዘፈናል። ባርነትን ያየ ሕዝብ መወለድን የመከራ መግቢያ፥ መሞትን የመከራ መውጫ አድርጎ ስለ ቈጠረው ነው።

ቤትሲ የምታስታምማት ሴት ጄሲካ ትባላለች። መልኳ ያማረ፥ ቁመቷ የተስተካከለ፥ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ናት። ትሄዳለች፥ ትቀመጣለች፥ የሰጧትን ትበላለች፤ ነገር ግን አትናገርም፥ በራሷም ፈቃድ አንዳች አታደርግም። ሐኪሙ፥ ከባድ ትኩሳት ጅማተ አከርካሪዋን አቃጥሎ ፈቃዷን ወሰደባት ይላል። የአገሩ ሰዎች ደግሞ ዞምቢ ሆናለች ይላሉ፤ ይኸውም ነፍሷ ተወስዶ ሥጋዋ ብቻ የሚመላለስ ማለት ነው። ባልየውና ወንድሙ ዌስሊ ስለ እርሷ ይጣላሉ፤ ከመታመሟ በፊት ከዌስሊ ጋር ልትኮበልል አስባ ነበርና። የቤቱንም ነውር አንድ ዘፋኝ በጊታር ይዘፍነዋል። እርሱም ሰር ላንስሎት የተባለው የትሪኒዳድ ሰው ነው፤ ሥራው የእኛን አገር አዝማሪ ያስታውሳል፤ በአፉ ይቅርታ እየጠየቀ በዜማው ይወጋል።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ስደርስ ፊልሙን ማየት አቃተኝ። ዐይኔ በጄሲካ ላይ ቢሆንም የማየው ሌላ ሴት ነበር።

በ1979 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ እታለም እያልሁ የምጠራት ታላቅ እኅቴ በብርቱ ትኩሳት ታመመች። እናታችን ቀድማ ስለ ሞተች ያሳደገችኝ እርሷ ናት። ትኩሳቱ በለቀቃት ጊዜ ዐይኗን ገለጠች፤ ነገር ግን አልተናገረችም። በማንኪያ ሲሰጧት ትውጣለች፤ ደግፈው ሲያስቀምጧት ትቀመጣለች፤ ዐይኗ ግን ወደ አንድ ቦታ እንደ ተተከለ ይውላል። ቤታችንም እንደ ሆላንድ ቤት ለሁለት ተከፈለ። አክስቴና ጎረቤቶች፥ ሰው መድኃኒት አድርጎባት ነውና ጠበል ትግባ አሉ። እኔና አጎቴ ደግሞ፥ ነገሩ የአንጎል በሽታ ነውና ሐኪም ቤት ትመለስ አልን። እኔ በዚያን ጊዜ የመምህራን ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ወራት የቀሩኝ ወጣት ነበርሁ፤ ባነበብሁት ነገር እጅግ እኮራ ነበር። ክርክራችንን ያደረግነው በጓዳ አልነበረም፤ በአልጋዋ ዙሪያ ቆመን፥ በእርሷ ራስ ላይ ነበር። እርሷን ግን አንዳችን እንኳ፥ አንቺስ ምን ትያለሽ ብለን አልጠየቅናትም።

በፊልሙ ውስጥ ጄሲካ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አትናገርም። ሁሉ ስለ እርሷ ይናገራል፤ ከእርሷ ጋር የሚነጋገር ግን የለም። ሐኪሙ በበሽታዋ፥ ባልየው በበደሏ፥ ወንድምየው በፍቅሩ፥ እናትየዋ በቤተ ሰቡ ክብር ይጨነቃሉ። ቤትሲ እንኳ መልካም ልብ ያላት ሴት ስትሆን፥ ጄሲካን ለማዳን የምትደክመው ሆላንድን ስለ ወደደችው፥ የሚወደውን ሰው ልመልስለት ብላ ነው። በሐኪም ቤት መንገድ የኢንሱሊን ሕክምና ሞክረው ሳይሆን በቀረ ጊዜ፥ አልማ የተባለችው የቤት ሠራተኛ ወደ ቮዱ ሥፍራ እንድትወስዳት ትመክራታለች።

የዚያ ሌሊት ጕዞ የፊልሙ እምብርት ነው። ሁለት ሴቶች በረጅሙ ሸንኮራ አገዳ መካከል ይሄዳሉ። ንግግር የለም። ነፋስ ቅጠሉን ያንኳኳል፤ የተሰቀለ ቅል በነፋስ ያፏጫል፤ የታረደ እንስሳ ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። በመስቀለኛው መንገድ ላይ ካርፉር የተባለ ረጅም ጥቁር ሰው ዐይኑን አፍጥጦ፥ ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ ቆሟል። ማንንም አይነካም፤ ምንም አያደርግም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ፍርሃት ደም በሚፈስበት ፊልም አላየሁም። በፀጥታ ውስጥ የሚመጣው ፍርሃት፥ ሰው ከራሱ ልብ የሚያወጣው ስለ ሆነ ነው።

ስለ ዞምቢም አንድ ነገር ልናገር። ነገሩ የሆሊዉድ ፈጠራ አይደለም፤ ከሃይቲ የመጣ እምነት ነው። የአሜሪካ ወታደሮች ሃይቲን ከ1915 እስከ 1934 ዓ.ም. በያዙበት ዘመን፥ ዊልያም ሲብሩክ የተባለ ተጓዥ በ1929 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ወሬውን ለብዙ አንባቢዎች አደረሰ፤ በ1932 ዓ.ም. «ነጭ ዞምቢ» የተባለው ፊልም ወጣ። ነገር ግን የሃይቲ ገበሬ የሚፈራው ዞምቢ እንዲበላው አልነበረም፤ እርሱ ራሱ ዞምቢ እንዳይሆን ነበር እንጂ። አያቶቹ በፈረንሳዮች የሸንኮራ እርሻ በጅራፍ ሲሠሩ፥ ሞት ወደ አፍሪካ የሚመልሳቸው መንገድ እንደ ሆነ ተስፋ ያደርጉ ነበር። ዞምቢ ማለት እንግዲህ ይህች ተስፋ የተነፈገች፥ ከሞተ በኋላ እንኳ ለጌታ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። በ1791 ዓ.ም. በዐመፅ ተነሥተው በ1804 ዓ.ም. ነፃነታቸውን ያወጁ ሰዎች ልጆች፥ ከሞት ይልቅ ያለ ፈቃድ መኖርን ቢፈሩ አያስደንቅም። ቮዱም የማስፈራሪያ ተረት ሳይሆን የብዙ ሕዝብ ሃይማኖት ነው፤ የሃይቲ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. በይፋ አውቆታል።

የሃይቲን ስም ካነሣሁ ዘንድ፥ ለእኛ የሠሩትን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። በ1935 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜ፥ በመንግሥታት ማኅበር የሃይቲ እንደራሴ የነበሩት ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ተነሥተው፥ እያንዳንዳችን አንድ ቀን የአንድ ሌላ ኢትዮጵያ ልንሆን እንደምንችል አንርሳ ብለው ለታላላቆቹ መንግሥታት ተናገሩ። በብዙዎች ፊት ዝም ለተባለ ሕዝብ ድምፅ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ፥ የባርነት ልጆች ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ቤትሲ ከቮዱው ሥፍራ ስትደርስ፥ በበሩ በስተኋላ ሆና በአማልክት ስም የምትናገረው ማን ሆና ትገኛለች? የሁለቱ ወንድማማች እናት ወይዘሮ ራንድ ናት! ይህች ሴት ባሏ ሚሲዮናዊ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ ሕዝቡን ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ብትላቸው አልሰሟትም፤ አማልክቱ ውኃውን አፍሉ ይላሉ ባለቻቸው ጊዜ ግን ታዘዙ። መምህራንና የጤና ሠራተኞች ይህን ሲያዩ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም፤ በየገጠሩ እንዲህ ያለ ፈተና ያላጋጠመው ማን አለ? እኔም መጀመሪያ ብልኅ ሴት ናት ብዬ ነበር። ነገር ግን ፊልሙ ወዴት እንደሚያደርሳት ተመልከቱ። በሰው ስንፍና እየተጠቀመች የማታምንበትን ስትናገር የኖረች ሴት፥ አንድ ሌሊት በከበሮው መካከል ተቈጥታ ስለ ልጆቿ ሚስት ክፉ ነገር ለመነች፤ ጄሲካን ዞምቢ ያደረግኋት እኔ ነኝ ብላም ተናዘዘች። ሐኪሙ አይሆንም ብሎ ይከራከራታል። ለበጎ ነገር ብሎም ቢሆን ሰውን ሳያስረዱ ማዘዝ የለመደ ሰው፥ ሥልጣኑን አንድ ቀን ለክፉ እንደሚያውለው ከዚህ ተማርሁ።

በመጨረሻ ዌስሊ ከቲ ሚዘሪ ምስል ላይ ፍላጻ ነቅሎ ጄሲካን ይገድላታል፤ ተሸክሟትም ወደ ባሕር ይገባል። በዚያው ሰዓት በቮዱው ሥፍራ አንድ ሰው እርሷን የምትመስል አሻንጉሊት በመርፌ ሲወጋ ይታያል። እንግዲህ የገደላት የዌስሊ ተስፋ መቍረጥ ነውን ወይስ የአስማቱ ኃይል? አዘጋጆቹ መልሱን አልሰጡም። ጉድለትም አለባቸው፤ የደሴቲቱን መከራ ቢያሳዩም፥ ታሪኩን የሚመሩት በታላቁ ቤት የተቀመጡት ነጮች ናቸው፤ ካርፉርም እንደ ጄሲካ አንዲት ቃል ሳይናገር ያልፋል።

ፊልሙ ባለቀ ጊዜ መብራቱን ሳናበራ ቆየን። የእኅቴ ልጅ አሁን የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ስትሆን፥ በአንድ ኮሌጅ ለነርሶች ታስተምራለች። እናቷ ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ፥ «እናቴ ትሰማ ነበር?»

መልስ አጣሁ። እርሷም በዝግታ፥ በ2006 ዓ.ም. አድሪያን ኦወን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ስላወጣው ጥናት ነገረችኝ። በመኪና አደጋ አንጎሏ ተጎድቶ አንዳች አታውቅም የተባለች የ23 ዓመት ሴት ነበረች። ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ ባሏት ጊዜ፥ በመሣሪያ የታየው አንጎሏ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል ሠራ። ሥጋዋ ዝም ቢልም እርሷ ውስጥ ነበረች።

«ይህን ለተማሪዎቼ ባስተማርሁ ቍጥር እናቴን አስባለሁ። የማይናገር ሁሉ ይሰማል ማለት አይደለም፤ አይሰማም ማለትም አይቻልም። እርስዎ አጠገቧ ነበሩና ነው የምጠይቅዎ» አለች።

በዚህ ጊዜ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ለማንም ያልነገርሁትን ነገር ነገርኋት። እታለም ልታርፍ ጥቂት ቀን ሲቀራት፥ እንደ ልማዳችን በአልጋዋ ዙሪያ ስንከራከር፥ አክስቴ፥ ይህች ሕፃን ልጅስ ማን ዘንድ ታድጋለች ብላ ጠየቀች። አጎቴ ወደ ባላገር እንልካታለን አለ። ያን ጊዜ ከእኅቴ ግራ ዐይን እንባ ወርዶ ጆሮዋ ሥር ደረሰ። አክስቴ አየችውና፥ ክፉው መንፈስ አለቀሰ ብላ ጮኸች። እኔም በዕውቀት ልበልጣት ፈልጌ፥ ዐይን ሳይርገበገብ ሲውል ይደርቃልና ውኃ ያወጣል፥ ሌላ ምንም አይደለም ብዬ አስረዳሁ። ሁሉም ዝም አሉ፤ ክርክሩን እኔ ረታሁ። እንባውን ግን ማንም አልጠረገላትም።

የእኅቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «እርስዎ ግን ወደ ባላገር አልላኩኝም» አለች።

«አልላክሁሽም፥ ልጄ።»

«ለምን?»

እውነቱን ተናገርሁ። በማግሥቱ ሌሊት ሁሉ ሲተኛ ብቻዬን ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ፥ እታለም፥ ልጅሽን እኔ አሳድጋታለሁ ብያት ነበር። ይህን ስላት አትሰማኝም ብዬ አምን ነበር። ቢሆንም ተናገርሁ፤ የተናገርሁትንም ፈጸምሁ። እንግዲህ በቀን በሰው ፊት የተናገርሁት የሚያኰራኝ ሳይሆን፥ በሌሊት ያለ ምስክር የተናገርሁት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

እርሷም እንባዋን ጠርጋ ተነሣችና መብራቱን አበራች። ከዚያም፥ «ይህን ይጻፉት» አለችኝ። ስለ ጻፍሁትም ሸክሜ ቀለለ አልልም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ የማይናገር በሽተኛ ቢኖር፥ ሐኪም ቤት መውሰዱንም ጸሎቱንም አትተው፤ እነዚህ በየሥፍራቸው የሚገቡ ናቸው። ነገር ግን ክርክርህን ወደ ጓዳ ውሰደው። ከአልጋው አጠገብ ስትሆን ስሙን ጥራው፤ የልጆቹን ወሬ ንገረው፤ ዝናቡ መጥቶ እንደ ሆነ ዝናቡ መጣ በለው። እንባም ብታይ ከየት እንደ መጣ ከመመርመርህ በፊት ጥረግለት።